ከሴኔት ንግግር እስከ ጉምሩክ ደጃፍ፦ የአየርላንዷ ሴናተር ረቂቅ ሕግ የተጓዘው መንገድ

ከዮርዳኖስ ሸለቆ የተነሣ የቴምር ካርቶን ደብሊን ወደብ ሲደርስ አብሮት አንድ ወረቀት ይመጣል። ላኪው የቀረጥ ቅናሽ ከፈለገ በዚያ የስሪት አገር ማስረጃ ላይ ምርቱ የተገኘበትን ቦታ ስምና ሰባት አሃዝ ያለውን የፖስታ ኮድ ማስፈር አለበት። ቦታውንና ኮዱን የማስፈር ግዴታ የመጣው በ2005 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአውሮፓ ኅብረት እስራኤል በ1967ቱ ጦርነት በያዘቻቸው ግዛቶች ላይ የተሠሩ ሰፈራዎችን የእስራኤል አካል አድርጎ አይቆጥራቸውም። ስለዚህ የጉምሩክ ሠራተኛው ኮዱን ከዝርዝር ጋር ያመሳክራል፤ ኮዱ የሰፈራ ሆኖ ከተገኘ ቅናሹ ይቀራል፣ ሙሉ ቀረጥ ይከፈላል። ካርቶኑ ግን ይገባል።

የአየርላንድ ፓርላማ ከ2018 ጀምሮ ሲከራከርበት የኖረው በዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ይግባ ወይስ አይግባ? ጥያቄውን በሕግ ቋንቋ ጽፈው ያቀረቡት ሚኒስትር ወይም የፓርቲ መሪ አልነበሩም። ቀድሞ በድምፃዊነታቸው የታወቁ፣ ከፓርቲ ነፃ የሆኑ ሴናተር ናቸው፤ ፍራንሰስ ብላክ። የእሳቸውን የምክር ቤት ሥራ በቅርበት የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። በአየርላንድ ሴኔት ንግግር ብቻውን ብዙ አያራምድም። የሚራመደው በአንቀጽ ቁጥር ተጽፎ ድምፅ የተሰጠበት ነገር ነው። እሱም ቢሆን አንዲት የመንግሥት ፊርማ ከጎደለችው ለዓመታት ባለበት ሊቆም ይችላል።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። የአየርላንድ ፓርላማ ኢራክታስ ይባላል፤ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። ዶል የሚባለውን የታችኛውን ቤት ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። ሻናድ የሚሉት የላይኛው ቤት፣ ማለትም ሴኔቱ፣ 60 መቀመጫ አለው። 11ዱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾማሉ፣ 6ቱን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ይመርጣሉ። የቀሩት 43ቱ በአምስት የሙያ ዘርፎች ተከፍለው ይመረጣሉ፦ ባህልና ትምህርት 5፣ ግብርና 11፣ ሠራተኛ 11፣ ኢንዱስትሪና ንግድ 9፣ አስተዳደር 7። ብላክ በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በኢንዱስትሪና ንግድ ዘርፍ ነው፤ በ2020 እና በ2025ም በዚያው ተመርጠዋል።

ለእነዚህ 43 መቀመጫዎች ተራው ዜጋ ድምፅ አይሰጥም። መራጮቹ 949 የአካባቢ ምክር ቤት አባላት፣ የዶል አባላትና ጊዜያቸውን የጨረሱ ሴናተሮች ናቸው፤ ሁሉም ተደምረው 1,200 አይሞሉም። ስለዚህ ከፓርቲ ነፃ የሆነ እጩ አገሩን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ የምክር ቤት አባላትን አንድ በአንድ ያነጋግራል። የመራጩ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ እያንዳንዱ የድምፅ ወረቀት 1,000 ነጥብ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ይህም ከአንዱ እጩ ወደ ሌላው የሚዛወረውን ትርፍ ድምፅ ሸርፎ ለማከፋፈል ይረዳል። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ ከሕዝብ የራቀ ነው ይለዋል፤ አልተሳሳተም። በጥቅምት 2013 ሴኔቱ ይፍረስ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ 51.7 በመቶው «አይፍረስ» ስላለ ነው ቤቱ የተረፈው።

ሥልጣኑም ጠባብ ነው። ዶል ያጸደቀውን ተራ ረቂቅ ሴኔቱ ቢበዛ 90 ቀን ያዘገየዋል እንጂ አይጥለውም። በገንዘብ ሕግ ላይ 21 ቀን ተሰጥቶት የሚያቀርበው ምክረ ሐሳብ ብቻ ነው። የዶል አባላት ለሚኒስትሮች በጽሑፍ የሚያቀርቡትን ጥያቄ ሴናተሮች ማቅረብ አይችሉም። ይህ ብዙ ሰው የማያስተውለው ትልቅ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም በአየርላንድ ከመንግሥት መረጃ የሚወጣው በአብዛኛው በእነዚያ ጥያቄዎች ነው።

ታዲያ ሴናተር በእጁ ምን አለው? በስብሰባው መጀመሪያ ለአንድ ጉዳይ ሚኒስትር ቀርቦ እንዲመልስ መጠየቅ ይችላል። የመንደር ሆስፒታል፣ የአውቶቡስ መስመር፣ የአካል ጉዳተኛ ድጎማ፣ አንዳንዴም የውጭ ጉዳይ በዚህ መንገድ ይነሣል። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስትር አይመጡም፤ በምትካቸው የሌላ መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ዴኤታ መጥተው የተዘጋጀላቸውን ጽሑፍ ያነባሉ። ሴናተሩ ተከታይ ጥያቄ ሲያነሣ ከጽሑፉ ውጭ መልስ የለም። ከዚያ የዕለቱ አጀንዳ ሲቀርብ እያንዳንዱ ሴናተር ጥቂት ደቂቃ አግኝቶ የፈለገውን ያነሣል፤ የቤቱ የመንግሥት መሪ «ለሚኒስትሩ አስተላልፋለሁ» ይላሉ። አብዛኛው የሴኔት ንግግር እዚህ ያበቃል። ቃለ ጉባኤው ላይ ይቀራል፣ ቪዲዮው በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል፣ የተለወጠ ነገር ግን የለም።

ጥርስ ያላቸው ሁለቱ መሣሪያዎች ሌሎች ናቸው፤ በኮሚቴ ደረጃ የሚቀርብ ማሻሻያና ሴናተሩ ራሱ የሚያመነጨው ረቂቅ ሕግ። ብላክ በሁለቱም ሠርተዋል።

በአገር ውስጥ ጉዳይ ስማቸው በዋናነት የሚነሣው በ2018ቱ የአልኮል የሕዝብ ጤና ሕግ ነው። ሴናተሯ ከመጠጥ ሱስ ስለ ማገገማቸው በአደባባይ የተናገሩ፣ በ2009ም የሱሰኛ ቤተሰቦችን የሚረዳ ድርጅት ያቋቋሙ ናቸው፤ ወደ ክርክሩ የገቡት ነገሩን ከውስጥ አውቀው ነው። ረቂቁ በታኅሣሥ 2015 በሴኔት ቀርቦ የጸደቀው በጥቅምት 2018 ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በ2016 መገባደጃ ላይ በሱቅ ውስጥ መጠጥ ከሌላው ሸቀጥ ይከለል በሚለው አንቀጽ ምክንያት ከመንግሥት ወገን ካሉ ሴናተሮች ሳይቀር ተቃውሞ ገጥሞት ቆሞ ነበር። ትንንሽ ባለሱቆች «ለግንብና ለመጋረጃ የምናወጣው ገንዘብ የለም» ብለው ነበር፤ መንግሥትም አንቀጹን አላልቶ ነው ያሳለፈው።

ሕጉ ምን እንዳመጣ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከጥር 2022 ጀምሮ አንድ ግራም ንጹሕ አልኮል ከ10 ሳንቲም በታች አይሸጥም። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 12.5 በመቶ አልኮል ያለው የወይን ጠጅ ጠርሙስ 74 ግራም ገደማ አልኮል አለው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ዋጋው 7 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ነው። ግማሽ ሊትር፣ 4.3 በመቶ የሆነ የቆርቆሮ ቢራ 17 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ከ1 ዩሮ ከ70 በታች አይወርድም። ይህ የታክስ ጭማሪ አይደለም፤ ትርፉ የሚቀረው ለነጋዴው ነው። ተቃዋሚዎች ከሰነዘሩት ትችት ጠንካራው ይህ ይመስለኛል፤ ከሰሜን አየርላንድ ድንበር ማዶ ሄዶ በርካሽ መግዛትም ይቻላል የሚለው ሁለተኛው ነው።

አልኮል ከካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ የሚለው ግዴታ የተጠናከረው ረቂቁ በሴኔት እያለ ነው፤ አጥብቀው ከገፉት አንዷ ብላክ ናቸው። ጽሑፉ የጉበት በሽታን፣ የእርግዝና አደጋን፣ ከካንሰር ጋር ያለውን ቀጥተኛ ትስስር፣ በተጨማሪም የአልኮሉን ግራምና የካሎሪውን መጠን እንዲያሳይ ነው የታዘዘው። ደንቡ በ2023 ተፈርሞ በግንቦት 2026 ሥራ ላይ እንዲውል ተቀጠረ፤ ከዚያ በ2025 መንግሥት የዓለም ንግድ ሁኔታን ምክንያት አድርጎ ወደ 2028 ገፋው። የሕግ አንቀጽ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ አንቀጹ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን የሚወስነው ግን ሚኒስትሩ ነው። የሴናተር እጅ እዚያ አይደርስም።

ወደ ቴምሩ ካርቶን እንመለስ። በጥር 2018 ብላክ በሴኔቱ ውስጥ «የሲቪል ተሳትፎ ቡድን» ከሚባለው ስብስብ ጓዶቻቸው ጋር ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ሙሉ ስሙ «የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ቁጥጥር (በወረራ የተያዙ ግዛቶች) ረቂቅ ሕግ 2018» ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ በወረራ የተያዘ ነው በተባለ ግዛት ላይ በተሠራ ሕገ ወጥ ሰፈራ የተመረተን እቃ ማስገባትና መሸጥ፣ እዚያ አገልግሎት መስጠት፣ የተፈጥሮ ሀብት ማውጣት ወንጀል እንዲሆን ይጠይቃል። ቅጣቱ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዩሮ ይደርሳል። የእስራኤል ስም ጽሑፉ ውስጥ ተነጥሎ አልሰፈረም፤ የቃላት አገባቡ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የወሰነበትን ማንኛውንም ግዛት እንዲመለከት ተደርጎ ነው የተቀረጸው። በተግባር ግን ሁሉም ሰው የገባው ስለ ዌስት ባንክ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምና ጎላን መሆኑን ነው። እስራኤልም ወዲያው የአየርላንድን አምባሳደር ጠርታ ተቃውሞዋን ገልጻለች።

የመጀመሪያው ክርክር ድምፅ ሳይሰጥበት እንዲዘገይ ተደረገ። መንግሥት ጊዜ ጠየቀ፤ አቅራቢዋም ተስማሙ። ይህ የድክመት ምልክት አልነበረም። በጥር ድምፅ ቢሰጥ ሊወድቅ ይችል ነበር፤ እስከ ጁላይ ባሉት ወራት ግን ትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ ፊያና ፎል ደጋፊ ሆነ። ጁላይ 11 ቀን 2018 ረቂቁ በ25 ድምፅ ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ14 ድምፀ ተዓቅቦ የመርሕ ደረጃውን፣ ማለትም አጠቃላይ ሐሳቡ ድምፅ የሚሰጥበትን ደረጃ፣ አለፈ። የተቃወመው ገዢው ፊና ጌል ነበር። ቁጥሩ ሊገኝ የቻለው መንግሥቱ የአናሳ ድምፅ መንግሥት ስለነበር ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ 11 ሴናተር ሲሾሙ መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ በሴኔቱ ውስጥ አብላጫ ያገኛል፤ ያን ጊዜ ግን አልነበረውም። በዲሴምበር 2018 ረቂቁ የሴኔቱን አምስት ደረጃዎች ሁሉ ጨረሰ። ጃንዋሪ 24 ቀን 2019 ዶል በ78 ለ45 የመርሕ ደረጃውን አጸደቀው።

ሁለቱም ምክር ቤቶች አዎ አሉ፤ ሕጉ ግን አልወጣም። ምክንያቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው።

አንቀጹ የሚለው፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያስወጣ ሕግ ዶል ሊያጸድቅ የሚችለው መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትሩ የተፈረመ መልእክት ከላከ ብቻ ነው። በፓርላማው ሠራተኞች አፍ «የገንዘብ መልእክት» ይባላል። ሐሳቡ በ1937 ሲጻፍ ምክንያታዊ ነበር፤ ማንም አባል ተነሥቶ ከግምጃ ቤት ወጪ እንዳያዝ። ነገር ግን የትኛው ሕግ ነው አንድም ሳንቲም የማያስወጣ? አዲስ ወንጀል ከተፈጠረ ጉምሩክ መፈተሽ፣ ፖሊስ መመርመር፣ ዐቃቤ ሕግ መክሰስ አለበት። ይህ የማስፈጸሚያ ወጪ እንደ በጀት ወጪ ከተቆጠረ የግል አባል ረቂቅ ሁሉ (መንግሥት ሳይሆን አንድ የምክር ቤት አባል የሚያመነጨው) በመንግሥት መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ከ2016 እስከ 2020 የሆነውም ይኸው ነው። ብዙ የተቃዋሚ ረቂቆች የመርሕ ድምፅ እያሸነፉ ኮሚቴ ሳይገቡ ቀሩ። መልእክቱን አለመላክ ክርክር አይጠይቅም፣ ድምፅ አይጠይቅም፣ ምክንያትም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ረቂቁን የሚደግፍም ሆነ የሚቃወም ሰው ሊያሳስበው የሚገባ ጉዳይ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በድምፅ የተሸነፈ መንግሥት በዝምታ እንዲያሸንፍ ይፈቅድለታል። በ2020 መጀመሪያ ዶል ሲበተን ረቂቁ ወደቀ፤ በኋላ መዝገቡ ላይ ተመለሰ፤ አዲሱ ጥምር መንግሥት ግን በፕሮግራሙ አላካተተውም።

የመንግሥት የተቃውሞ ምክንያት ከንቱ አልነበረም። በወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሳይመን ኮቭኒ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ምክር ጠቅሰው የሚከራከሩት እንዲህ ነበር፦ ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር ጋር የሚደረግ ንግድ የብራስልስ ብቸኛ ሥልጣን ነው፤ አንድ አባል አገር ተነሥቶ የራሱን እገዳ ቢጥል ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ይቀጣል። ደጋፊዎቹ ደግሞ የኅብረቱ የገቢ ንግድ ደንብ ራሱ፣ ቁጥር 2015/478፣ በአንቀጽ 24 «ለሕዝብ ሞራል፣ ለሕዝብ ሥርዓት ወይም ለሕዝብ ደኅንነት» ሲባል አባል አገር ገደብ እንዲጥል ይፈቅዳል ብለው መለሱ። ክርክሩ ወደ አንድ ነጥብ ጠበበ፤ ከሕገ ወጥ ሰፈራ የመጣ ቴምር መብላት የአየርላንድን የሕዝብ ሥርዓት ይነካል ወይ? ሌላው ስጋት ከአሜሪካ ነበር። በአየርላንድ ኢኮኖሚ ውስጥ የአሜሪካ ኩባንያዎች ድርሻ ግዙፍ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ኩባንያዎች መንግሥቷ ባልፈቀደው የውጭ አገር እቀባ እንዳይተባበሩ ይከለክላል። ደብሊን ላይ ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ በሁለት ሕግ መካከል ይያዛል የሚል ፍርሃት ነበር።

የረቂቁ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በጁላይ 1984 በደብሊን በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ የነበረች የ21 ዓመት ወጣት በማኅበሯ ውሳኔ መሠረት የደቡብ አፍሪካን ግሬፕፍሩት ሒሳብ አልመታም አለች፤ ከሥራ ታገደች። ጓደኞቿ አብረዋት ወጡ። አድማው ወደ ሦስት ዓመት ዘልቆ በ1987 መንግሥት የደቡብ አፍሪካን ፍራፍሬና አትክልት አገደ። ያን ጊዜም አየርላንድ የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል ነበረች። ንጽጽሩ ግን ሙሉ አይደለም፤ የጋራው የንግድ ፖሊሲ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠብቋል።

ነገሩን ያንቀሳቀሰው ከደብሊን ውጭ የተሰጠ ውሳኔ ነው። ጁላይ 19 ቀን 2024 በሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት፣ እስራኤል በፍልስጤም ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ አገሮችም ያንን ሁኔታ የሚያጸና የንግድና የኢንቨስትመንት ግንኙነትን ለመከላከል እርምጃ እንዲወስዱ ገለጸ። እስራኤል አስተያየቱን አልተቀበለችም። ለአየርላንድ የሕግ ክርክር ግን ጨዋታው ተለወጠ፤ «የሕዝብ ሥርዓት» የሚለው ልዩ ሁኔታ አሁን የሞራል ስሜት ብቻ ሳይሆን የዓለም አቀፍ ሕግ ግዴታ ሊደገፍበት የሚችል ሆነ። በጥቅምት 2024 መንግሥት ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አዲስ ምክር አግኝቶ አቋሙን አለሳለሰ፤ በጃንዋሪ 2025 የመንግሥት ፕሮግራም ላይ ጉዳዩ ገባ፤ በጁን 2025 መንግሥት የራሱን የሕግ ማዕቀፍ አሳተመ። የብላክ ረቂቅ በራሱ ስም አልጸደቀም፤ መንግሥት አንሥቶ በራሱ ቋንቋ ጻፈው።

ሲጻፍ ደግሞ ጠበበ። የ2025ቱ ማዕቀፍ የሚከለክለው እቃ ማስገባትን ብቻ ነው፤ ማስገባቱ በ2015ቱ የጉምሩክ ሕግ ወንጀል እንዲሆን ያደርጋል። አገልግሎት ወጥቷል፣ የሀብት ማውጣትም ወጥቷል፤ አጠቃላይ የነበረው አገላለጽ ቀርቶ ርዕሱ ራሱ በፍልስጤም ግዛት ያሉትን የእስራኤል ሰፈራዎች በስም ይጠራል። የቀረው የእቃ ክልከላ በገንዘብ ሲመዘን ምን ያህል እንደሆነ መንግሥት ራሱ ያወጣው አኃዝ ይናገራል፤ ከ2020 እስከ 2024 ከእነዚያ ግዛቶች ወደ አየርላንድ የገባው እቃ ወደ 685,000 ዩሮ ብቻ ነው። ደብሊን ውስጥ አንድ መጠነኛ ቤት የሚገዛ ገንዘብ ማለት ነው። የሕጉ ክብደት በሥርዓት አስቀማጭነቱ እንጂ በንግዱ መጠን አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ይህን ያውቃሉ።

ከአገልግሎት ይልቅ እቃን መቆጣጠር ቀላል ነው። ክብደት አለው፣ ወደብ አለው፣ ቀደም ብሎ የጠቀስነው የፖስታ ኮድ አለው። ችግር የሚፈጠረው ሲቀላቀል ነው። በሰፈራ የተለቀመ ቴምር ከአረንጓዴው መስመር (ከ1967ቱ ጦርነት በፊት ከነበረው ወሰን) ወዲህ፣ በእስራኤል ውስጥ ባለ ማሸጊያ ቤት ቢታሸግ፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የቱ ኮድ ነው? ላኪው ቅናሽ ካልጠየቀና ሙሉ ቀረጥ ከከፈለ ኮድ የማስገባት ግዴታው የሚመነጨው ከየት ነው? በሌላ የኅብረቱ አገር ወደብ ገብቶ ከዚያ በጭነት መኪና ደብሊን የደረሰ ካርቶንስ? በኅብረቱ ውስጥ የእቃ ዝውውር ነፃ በመሆኑ ድንበር ላይ የሚያስቆመው ጉምሩክ የለም። የሕጉ ማስፈጸሚያ ጥብቅ ሊሆን የሚችለው በቀጥታ ለሚገባው ነው፤ እንደ ሆላንዱ ሮተርዳም ባለ ሌላ ወደብ በኩል ለሚዞረው ግን ደካማ ነው።

አገልግሎት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በሰፈራ ውስጥ ያለ ማረፊያ ቤት በኢንተርኔት የሚያከራይ፣ የአውሮፓ ዋና መሥሪያ ቤቱን ደብሊን ያደረገ ኩባንያ ውሉን የት ፈረመ፣ ገንዘቡን የት ተቀበለ፣ አገልግሎቱን የት ሰጠ? መንግሥት አገልግሎትን የተወው የኅብረቱ ልዩ ሁኔታ ለእቃ ግልጽ ሆኖ ለአገልግሎት ግን ግልጽ ስላልሆነ ነው ይላል። በ2025 ክረምት ረቂቁን የመረመረው የፓርላማው የውጭ ጉዳይ የጋራ ኮሚቴ ግን አገልግሎትም እንዲካተት መክሯል። ብላክም ከመጀመሪያው የጠየቁት ይህንኑ ነበር። የኮሚቴው ምክር መንግሥትን አያስገድድም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት ክር አለው። አየርላንድ የንግድ እገዳ ሕግ ስታወጣ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ አይደለም። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር የያኔው መሪ ኤሞን ዴ ቫሌራ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ላይ ቃል ኪዳኑ እንዲከበር ተከራክረዋል፤ ፓርላማውም በዚያው ዓመት በኢጣልያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ የሚያስፈጽም ሕግ አወጣ። ኢጣልያ የካቶሊኮች ማዕከል ናትና አንንካት የሚል ጠንካራ ስሜት ባለበት አገር ይህ ቀላል አልነበረም። ማዕቀቡ ለምን እንዳልሠራ እኛ በደንብ እናውቃለን፦ ነዳጅ በዝርዝሩ አልተካተተም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በጁላይ 1936 አዲስ አበባ ከተያዘች ከሁለት ወር በኋላ ተነሣ። የእገዳ ሕግ ኃይል ያለው በመግቢያው ላይ በሚጻፈው መርሕ ሳይሆን በዝርዝሩ ውስጥ በገባውና በቀረው ነገር ነው። የያኔው ነዳጅና የዛሬው «አገልግሎት» በመጠን ባይመሳሰሉም የተቀመጡበት ቦታ አንድ ነው።

ሁለተኛው ክር የቅርብ ነው። አየርላንድ በ2021 እና 2022 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ሆና የትግራይን ጦርነት ደጋግማ አጀንዳ አድርጋ አቀረበች። በኖቬምበር 2021 የኢትዮጵያ መንግሥት አዲስ አበባ ከነበሩት ስድስት የአየርላንድ ዲፕሎማቶች አራቱ እንዲወጡ አዘዘ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ያው ኮቭኒ ነበሩ። በደብሊን የሚነገር ቃል እዚያ ብቻ እንደማይቀር በዲያስፖራም በአገር ቤትም ያለ ሰው አይቶታል፤ ተስማማንበትም አልተስማማንበትም።

የአንድን የአየርላንድ ሴናተር ሥራ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ስንት ጊዜ እንደተናገረ ባይቆጥር ይሻላል። የኢራክታስ ድረ ገጽ የእያንዳንዱን አባል ንግግር በቀን ያሳያል፤ ግን እዚያ መቆም የለበትም። የረቂቁን ገጽ ይክፈት፤ «እንደ ቀረበ» የሚለውንና «ሴኔቱ እንዳጸደቀው» የሚለውን ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። የተለወጠው ዓረፍተ ነገር የማን ማሻሻያ እንደሆነ ከቁጥር ዝርዝሩ ይታወቃል። ከዚያ የድምፅ ዝርዝሩን ያንብብ፤ በንግግሩ ደግፎ በድምፁ የቀረ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። የገንዘብ መልእክት መጥቷል ወይስ አልመጣም የሚለውንም ይይ። በዚህ መለኪያ የብላክ መዝገብ ከብዙ ሚኒስትሮች ይከብዳል፤ ደግሞ ያልተጠናቀቀ ነው።

የ2025ቱን ማዕቀፍ ተከትሎ የሚመጣውን ረቂቅ የሚያነብ ሰው በቀጥታ ወደ ትርጓሜ አንቀጹ ይሂድ። እዚያ «እቃ» የሚለው ቃል ብቻውን ተቀምጦ እንደሆነ ወይም ከጎኑ «አገልግሎት» ተጨምሮ እንደሆነ ማየት ነው፤ ከ2018 ጀምሮ የተባለው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች አንዲት ቃል ላይ ነው።